በነጻ ፕሮግራም የተሠራ አንቀበልም

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ነበር፣ ዓርብ። ዓርብነቱን አልጠራጠርም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ መቀበያው የሚዘጋው ዓርብ ነበርና። አሥራ ሁለት መሆኑን ግን ማን ይመስክርልኝ? አብረውኝ ከተሰለፉት አንዱ አሥራ ዘጠኝ ነው እያለ እስከ ዛሬ ይሟገተኛል፤ ሌላዋ ጭራሽ ግንቦት ነበር ትላለች። ግንቦትስ አይደለም። ኮሪደሩ በጫማ በገባ ጭቃ ተለውሶ እንደነበር ዓይኔ ላይ አለ፤ ጭቃ ካለ ዝናቡ ገብቷል ማለት ነው። ቀኑ ይቆየን። ሴትዮዋ ከቀኑ ትበልጣለች።

እትዬ ታይፕ ነበር የምንላት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ በዚያ ስም የምትጠራትም እናቷ ብቻ ነበረች፣ እሷም ካረፈች ቆይታለች። ወደዚያ ኮሌጅ የመጣችው ገና በወጣትነቷ፣ በታይፕ ጸሐፊነት ነው። ደብዳቤ ስትመታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ከሰው ጋር ታወራ ነበር ይባላል፤ ጣቶቿ ብቻቸውን ይሠሩ ነበር። ኋላ ታይፑ ሲቀር እሷ አልቀረችም። ለሠራተኛውም ለተማሪውም ታይፕ ስታስተምር ኖራ፣ ኮምፒውተር ሲመጣም ማስተማሩን ቀጠለች። በዚያ ከተማ በአሥር ጣቱ የሚጽፍ ሰው ካያችሁ፣ ወይ የእሷ ተማሪ ነው፣ ወይ የተማሪዋ ተማሪ።

ቁጡ ነበረች፤ ምን ይደበቃል። ቁጣዋ እንደ ተጣደ ወተት ነው። ዞር ሲሉ ይገነፍላል፣ እፍ ሲሉት ይወርዳል። ተማሪ በአንድ ጣቱ ቁልፍ ሲፈልግ ካየች «ጥሬ እየለቀምክ ነው እንዴ፣ አንተ ዶሮ» ትላለች፤ ወዲያው ግን ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች። በዚያ ሳምንት ግን ወተቱ ገንፍሎ ሳይወርድ ሰነበተ።

ኮምፒውተር ክፍል የምንለው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለ፣ በፊት የተሰበረ ወንበር የሚታጎርበት ክፍል ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን በአዲስ ለውጦ አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች ደጅ ከምሯቸው ነበርና፣ ዝናብ ሳይመታቸው ሄዳ ለመነች። ዲኑ ሲሰሙ ሳቁባት፤ ሬሳ ልትሰበስቢ ነው ወይ አሏት። የሞቱ አይደሉም፣ የታመሙ ናቸው አለች። የአንዱን የሆድ ዕቃ ለሌላው እያዋሰች፣ አቧራቸውን በቀለም ብሩሽ እየጠረገች፣ ግማሾቹን አስነሳች። አንዷን አስሟ እንላታለን፤ ማራገቢያዋ ሲያፍናት የክፍሉ ሰው ሁሉ «ይማርሽ» ይላታል። አንደኛው ሟርተኛው ነው፤ ልትጨርስ አንድ ገጽ ሲቀርህ ድርግም ይላል። አማት የምትባልም ነበረች። ፊቷ ረጋ ብለው ካልተቀመጡ፣ ቁልፏን ጠበቅ አድርገው ከመቷት፣ አንዴ ካኮረፈች ቀኑን ሙሉ አትመለስም።

ለእነዚህ ማሽኖች በገበያ የሚሸጠው የጽሑፍ ፕሮግራም ቢገዛም አይሆናቸውም፤ ይከብዳቸዋል። የሚገዛም አልነበረም። ስለዚህ ቀድሞ ከተመረቀ አንድ ልጅ በሲዲ ያገኘችውን ነጻ ፕሮግራም ጫነችባቸው። ነጻ ማለት የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ውሰዱት፣ ሥሩበት፣ ለጎረቤትም ስጡት ብለው የለቀቁት ነው። ቀለል ያለ ስለሆነ፣ ሾርባ ለበሽተኛ እንደሚስማማው ለአሮጌዎቹ ተስማማቸው። ለኮፒ ቤት የምንከፍለው የሌለን ሁላችን ጽሑፋችንን የጻፍነው እዚያ ነው።

ኮፒ ቤቱ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነው። እዚያ ያለው የሚሸጠው ፕሮግራም ነው፤ የገዛው ግን የለም። ቁልፉ ተሰብሮ፣ ከሰው ሰው ተገልብጦ የመጣ ነው። የኮሌጁም ቢሮዎች የሚሠሩት በዚያው ነበር፣ ከዚያው ከኮፒ ቤቱ አስጭነው። ይህን እሷ ታውቃለች፣ እኛ እናውቃለን፣ ቢሮውም ያውቃል። ባለ ኮፒ ቤቱ ራሱ በልጅነቱ ጣቶቹን ያፍታታችለት የእሷው ተማሪ ነው፤ በደጁ ባለፈች ቁጥር ሳይነካካት አይውልም። በነጻ የተገኘች ሙሽራ አትከበርም ይላታል። እሷም፣ አንተ ደግሞ የሰው ሙሽራ ሰርቀህ ትስቃለህ ብላው ታልፋለች። ሁለቱም ይስቁ ነበር። ነበር።

የዚያ ሳምንት ሰኞ ጠዋት የመመረቂያ ጽሑፍ መቀበያው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ዋለ። «በነጻ ፕሮግራም የተሠራ አንቀበልም» ይላል። ከሥሩ ማህተም አለው።

የለጠፈው የጽሑፎችን ቅርጽ የሚቆጣጠረው ሠራተኛ ነው። ማስመሪያው እንለዋለን። ከደረት ኪሱ የማትለይ፣ ብርሃን የምታሳልፍ ፕላስቲክ ማስመሪያ አለችው፤ የወረቀቱን ኅዳግ የሚለካው በእሷ ነው። ከግራ በኩል ትንሽ ከጎደለ፣ ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያይ ይመልሳል። በወንድሙ ሰርግ ላይ ኬኩን ለክቶ ነው ያስቆረጠው እያሉ ያሙታል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ባለፈው ዓመት የተዘበራረቀ ጽሑፍ አሳልፈሃል ተብሎ በስብሰባ ፊት ተወቅሷል፤ ከዚያ ወዲህ ከማስመሪያዋ ሌላ የሚያምነው የለም።

በዚያ ሰኞ ከመለሳቸው ጽሑፎች አንዱ የእትዬ ታይፕ ልጅ ጽሑፍ ነበር።

ያለቻት አንድ ልጅ ናት። በዚያው ኮሌጅ የሕፃናት አስተማሪነት ተምራ ጨርሳለች። እስከ ዓርብ ጽሑፏ ላይ ማህተም ካላረፈ ምርቃቷ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ነገሩ የምርቃት ብቻ ቢሆን ዓመት እንደ ምንም ያልፋል። ግን በሰፈራቸው ያለው የመዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ፣ መመረቅሽን የሚያሳይ ወረቀት ይዘሽ ከመጣሽ ክፍል እሰጥሻለሁ ብላታለች፤ ከዘገየች ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። እናትና ልጅ የሚኖሩት በእናቲቱ ደመወዝ ነው፣ እናቲቱም ጡረታዋ ደርሷል። ለሁለቱም ከዓርብ ወዲያ ያለው ሁሉ በዚያች ማህተም ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ልጅቱ ወረቀቱን ይዛ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ስትገባ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። አማት ፊት ለፊት ወረወረችውና የተመለሰው ባንቺ ፕሮግራም ምክንያት ነው አለቻት፣ ሁላችን እየሰማን። ከዚያም ዞራ ወጣች።

እትዬ ታይፕ ትምህርቱን እንዳለ ትታ ወደ ማስመሪያው ቢሮ ሄደች። ሳታንኳኳ ነው የገባችው። እሱ ሰላምታም ሳይሰጣት ስክሪኑን አዞረላት። የልጇ ጽሑፍ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ፣ ጎርፍ ገብቶበት የወጣ ቤት መስሏል። መስመሩ እስከ ጫፍ ይሄድና ከሥሩ አንዲት ቃል ብቻዋን ተንጠልጥላለች፤ እንደገና ሙሉ መስመር፣ እንደገና አንዲት ብቸኛ ቃል። የገጽ ቁጥር አሥራ አራት ከግርጌው ተነቅሎ መሐል አንቀጽ ላይ ተቀምጧል። «ሕፃናት ሲጫወቱ» ይላል፣ ከዚያ አሥራ አራት፣ ከዚያ «ይማራሉ»። ምስጋናው ከማውጫው ጋር ተጣብቆ፣ አምላክም አማካሪውም ከምዕራፎቹ ተራ ገብተዋል።

በእኔ ማሽን ላይ ልክ ነው አለችው። እውነቷን ነበር። ነጻው ፕሮግራም ጽሑፉን ቢሮው በሚፈልገው ዓይነት አድርጎ እንደሚያስቀምጥ አስረዳችው። መመሪያው የሚጠይቀው የፊደል ዓይነት ከሚሸጠው ፕሮግራም ጋር ብቻ የሚመጣ ስለሆነ፣ በመልክ የሚቀርበውን መጠቀሟን ነገረችው፤ የእሱ ኮምፒውተር ያንን ሲያጣ በሌላ ይተካዋል፣ መስመሩ የተንሸራተተው ለዚያ ይሆናል አለች። እንግዲያው እንደ ፎቶግራፍ የማይነቃነቀውን፣ ፒዲኤፍ የሚባለውን ቅጂ ተቀበለኝ አለችው። መመሪያው አይፈቅድም አለ። መመሪያውን ማን ጻፈው ብትለው፣ እኔ አስፈጻሚ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም አላት። እሷ ድምጿን ከፍ ባደረገች ቁጥር እሱ ዝቅ ያደርጋል፤ ከመጮህ የባሰ የሚያናድድ ነገር ካለ ይህ ነው። በመጨረሻ እንዲህ አላት፦

«እትዬ፣ ባንቺ ኮምፒውተር ላይ ልክ ቢሆን ምን ያደርግልኛል? ያንቺ ኮምፒውተር ዲግሪ አይሰጥም።»

«ያንተስ? እሱን ፕሮግራም ከየት አመጣኸው?»

ማስመሪያዋን ከኪሱ አወጣና ቀጣዩን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ።

እኛ ከኮሪደሩ ሆነን ስትወጣ አይተናታል። ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር። ከእኛ አንዱ፣ እትዬ ምን አለሽ ቢላት፣ ማስታወቂያውን በጣቷ ነካ አድርጋ አለፈች። በዚያ ቀን በበሩ ያለፈችበት ባለ ኮፒ ቤትም እንደ ልማዱ አንድ ነገር ሊወረውር አፉን ከፍቶ፣ ፊቷን ሲያይ መልሶ ገጠመው አሉ።

ቤት ውስጥ የሆነውን ከዓመታት በኋላ ልጅቱ ናት የነገረችኝ። እናቷ ሳህን ስታጥብ እንደ ብረት ድስት ይንኳኳ ነበር አለችኝ። ልጅቱ፣ ኮፒ ቤት ወስጄ እንደ አዲስ ላስጽፈው ብላ ጀመረች። እናቲቱ ጀርባዋን እንደሰጠቻት፣ የልጄ ስም በተሰረቀ ዕቃ አይጻፍም አለች። ልጅቱ ይህን ስትሰማ፣ ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ለቀቀችው፦

«ማስመሪያው የሚያየው በተሰረቀ ነው። ዲኑ ደብዳቤ የሚያስጽፉት በተሰረቀ ነው። በዚህ አገር ጻድቅ የሆንሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ እማ። ያንቺ ጽድቅ የኔን ዓመት ይብላ?»

ነገሩ የስርቆት ብቻ እንዳልሆነ የእናቲቱ ልብ ያውቀዋል። ከሬሳ ያስነሳችው ክፍል ነው ጎርፉን ያመጣው ተብሎ በበር ላይ የተለጠፈባት። ልጇ ጽሑፏን ይዛ በኮሌጁ በር ወጥታ፣ መንገዱን ተሻግራ ኮፒ ቤት ስትገባ የሚያያት ሰው ምን ይላል? የገዛ ልጇ እንኳ ሸሸቻት ይላል። ይህን ለልጇ ማስረዳት አልቻለችም፤ ቢያስረዱትም ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ የሚገባ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም አኩርፈው ተኙ። በማግስቱም ሲነሱ ኩርፊያው ቀድሟቸው ተነስቶ ጠበቃቸው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ እትዬ ታይፕ ከአማት ፊት ተቀመጠች። ጽሑፉን ከፍታ በመልክ የሚቀርበውን ፊደል በሌላ ፊደል ለወጠችው። አንዱን መስመር ታስተካክላለች፣ የሚቀጥለው ይንሸራተታል። ያንን ትይዛለች፣ ቁጥሩ ይሸሻል። ልጅቱ መስኮቱ ዘንድ ቆማ እጇን አጣምራ ታያታለች። እናቲቱ ሲበቃት፣ በዚያች በአማት ላይ፣ ሌላውን ተማሪ ቀስ በል እያለች በምትቆጣባት በአማት ላይ፣ ቁልፎቹን በመዳፏ ጧ አደረገቻቸው።

ማሽኗ አላኮረፈችም። ይልቅ ገጹ ባላሰበችው ነገር ተሞላ። ከማይታዩት ምልክቶች ጋር ጽሑፉን የሚያሳየውን ቁልፍ ሳታውቀው ነክታ ኖሯል። በያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ቆማለች፤ መስመሩ እዚህ ላይ በሰው እጅ ተቆርጧል የምትል ምልክት። በየገጹ ግርጌ ደግሞ ምንም ያልተጻፈባቸው መስመሮች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው በምልክታቸው፤ ከእነሱ ሥር በእጅ የተመታ ቁጥር።

አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። የራሷ እጅ ነው።

ታይፕ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወል ይደውላል። ደወሉን ስትሰማ መላሹን፣ ከጎኑ ያለችውን ክንድ፣ ገፍተህ ወደ አዲስ መስመር ትወርዳለህ። ገጹ ሲሞላ ቁጥሩን ከታች መትተህ ወረቀቱን ታወጣለህ። እሷ ይህን ከታይፑ ላይ አንስታ እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጠችው። መስመሩ ጫፍ ሲደርስ ኢንተር ምቱ ብላ ነው ያስተማረችን፤ ገጹ እስኪያልቅ ኢንተር፣ ከዚያ ቁጥሩን ጻፉ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ኮምፒውተሩ መስመሩን በራሱ እንደሚያጥፍ፣ ገጹንም በራሱ እንደሚቆጥር የነገራት የለም፤ ሁላችንም የተማርነው ከእሷ ስለሆነ ሌላ አሠራር ያየም አልነበረም። ኮፒ ቤቱም የሚጽፈው እንዲሁ ነው። ነገር ግን ኮፒ ቤቱና ቢሮው አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ፊደል ስላላቸው ስንጥቁ አይታይም። ከእኛ ክፍል የወጣው ግን ፊደሉ በጥቂቱ ሲሰፋ፣ በእጅ የተቆረጠው መስመር ሁሉ አንዲት ቃል እያፈሰሰ እስከ መጨረሻው ይናዳል።

ጥፋቱ የፕሮግራሙ አልነበረም። የማስመሪያውም አልነበረም። ከሰኞ ጀምሮ የሚንተከተከው ቁጣ የሚያርፍበት አጥቶ ዞሮ ዞሮ ወደ ባለቤቱ መጣ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ» አለቻት ለልጇ።

ልጅቱ ቀርባ አየች፣ ሲገባት ጊዜ ወሰደ፤ ሲገባት ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ደወል በሌለው ማሽን ላይ ደወል ስትሰሚ ኖርሽ?» አለቻት። እናቲቱ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥርሷን ትነክስባት ነበር። ያን ዕለት ወንበሩን ጠጋ አድርጋ፣ ነይ ተቀመጪ ብቻ አለቻት።

ሐሙስ ዕለት የኮምፒውተር ክፍሉ በር ተዘግቶ አገኘነው። ተማሪ ካለ፣ መብራት ካለ፣ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። እሷ ታማ ሳለች እንኳ ቁልፉን ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ትሰጥልን ነበር። ያን ቀን ግን «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት በጽሑፏ ተለጥፏል። አንኳኳን። እኛም የተመለሰብን ጽሑፍ በእጃችን፣ የቀረን አንድ ቀን፣ የምንሄድበት ሌላ ቦታ የለ። አንዷ ጆሮዋን በሩ ላይ አድርጋ፣ ውስጥ ሰው አለ እኮ፣ የአስሟ ትንፋሽ ይሰማል አለች። እውነትም ይሰማል። ደግመን አንኳኳን። አንዱ በቁጣ በእግሩ መታው። ማንም አልከፈተም።

ውስጥ፣ ልጅቱ ታነባለች፣ እናቲቱ ታጠፋለች። ያን ሁሉ ምልክት ባንድ ጊዜ የሚያነሳ መንገድ ሳይኖር አይቀርም፤ እሷ ግን ስለማታውቀው አንድ በአንድ በጣቷ እየለቀመች አወጣቻቸው። ቁጥሮቹን ሰርዛ መቁጠሩን ለፕሮግራሙ ሰጠችው። ምዕራፉ በአዲስ ገጽ እንዲጀምር በኢንተር መግፋቱን ትታ፣ እዚህ ላይ ገጽ ይቆረጥ ብላ አዘዘችው። ከሲዲው ውስጥ ደግሞ፣ ስፋቱ መመሪያው ከሚጠይቀው ፊደል ጋር እኩል እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ነጻ ፊደል አገኘች፤ ያን ሁሉ ዘመን እዚያው ተኝቶ ነበር። ይህን ስታገኝ ይበልጥ ተናደደች እንጂ ደስ አላላትም አለችኝ ልጅቱ።

በሩ በተንኳኳ ቁጥር የእናቲቱ ጣት ይቆማል። ከበሩ ውጪ ያሉት እነማን እንደሆኑ ታውቃለች። በእጃቸው ያለው ጽሑፍ በየመስመሩ ጫፍ ምን እንዳለበትም ታውቃለች። አንድ ጊዜ ተነስታ እጀታው ዘንድ ደረሰች።

«ከከፈትሽላቸው ዓርብ አይደርስልንም፣ እማ።»

ቆመች። የልጇ ጽሑፍ ገና ከግማሽ አላለፈም። የእኛ ድምፅ፣ የዚያ በሩን በእግሩ የመታው ልጅ ድምፅ ይሰማታል። ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ ስትሠራ ቁልፎቹን የምትመታው እንደ ታይፕ ነበር፣ ጓ ጓ እያደረገች፤ አማት እንኳ ፈርታ ዝም አለች። ሲመሽ ጨርሰው፣ ጽሑፉን ከአማት ወደ አስሟ፣ ከአስሟ ወደ ሟርተኛው እያዛወሩ ከፈቱት። ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ዓርብ ጠዋት ኮሪደሩ ሙሉ ነበር። ጭቃው ላይ ሰልፍ ይዘናል፤ የማስመሪያው በር ክፍት ነው፣ ማስታወቂያውም በበሩ ላይ። እናትና ልጅ ሲመጡ ከሰልፉ ያጉረመረመ ነበረ። ትናንት የተዘጋብን በር በሁላችን አፍ ነበርና። እነሱ ግን ቀድመው ወረፋ ያስያዙ ስለነበር ገቡ። እናቲቱ ወደ እኛ አላየችም።

ማስመሪያው ፍላሹን ሰካ፣ ከፈተ። ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ ከታች ወደ ላይ ወጣ። በማተሚያው ወረቀት ላይ አወጣውና ማስመሪያዋን ከኪሱ መዘዘ። ከግራ ለካ፣ ከቀኝ ለካ፣ የግርጌውን ቁጥር ለካ። የመጨረሻውን ገጽ ለካ። ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር፤ ለሳምንት ያህል የተዘበራረቀ ወረቀት ሲመልስ የከረመ ሰው ንጹሕ ነገር ሲያይ እንደሚሆነው። እውነት ለመናገር የእሱም ዓይን ደም መስሎ ነበር።

«ጽሑፍ ማለት እንዲህ ነው» አለ፤ ማህተሙን ከቀለሙ ላይ አነሳ፤ ከዚያ እጁን አየር ላይ አቆመና ልጅቱን ጠየቃት። «የት አሠራሽው?»

ልጅቱ ወደ በሩ አየች፣ ማስታወቂያው ወዳለበት። ከዚያ ወደ እናቷ አየች። ከዚያ ወደ መሬት።

«ኮፒ ቤት» አለች።

ክፍሉ ትንሽ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፤ ሁላችንም ሰማን። ማስመሪያውም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሰማችሁ አለን፤ ፕሮግራሙ ትክክለኛ ሲሆን እንዲህ ነው፣ እናንተ ግን እኔን ክፉ ትላላችሁ። ከዚያ ወደ እትዬ ታይፕ ዞረ። ሊያሳፍራት አልነበረም። ለሳምንት ስትሰድበው የከረመችን ሰው በመጨረሻ የሚታረቅ ሰው ድምፅ ነበረው።

«እትዬ፣ አሁንስ አመንሽ?»

በሩ ጎን ቆሜ ስለነበር ፊቷን አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ቁጣ በሰው ፊት ላይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ደም ሥሯ ግንባሯ ላይ ተገትሯል። ይህ ገጽ ከአማት ሆድ የወጣ ነው ልትል ትችል ነበር። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን የትምህርቴ ነው፣ ውጪ የቆሙት ልጆች የሚያስፈልጋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ላሳያቸው ልትል ትችል ነበር። ይህን ካለች ግን የልጇ ጽሑፍ በነጻ ፕሮግራም የተሠራ ይሆናል። በነጻ ፕሮግራም የተሠራውን ደግሞ በሩ አይቀበልም። ማህተሙም ገና አየር ላይ ነው። አፏን ከፈተች። ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ማህተሙን ምታው» አለችው።

መታው። ልጅቱ ወረቀቱን ሳበችና፣ እናቷን ቀና ብላ ሳታይ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ሬጅስትራር ሮጠች።

እናቲቱ ቀረች። አሁን ትናገራለች ብለን ጠበቅን፤ የተመታ ማህተም አይፋቅም፣ አሁን የሚይዛት ነገር የለም ብለን ነው። ማስመሪያውም የጠበቀ ይመስለኛል፤ ማህተሙን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። እሷ ጠረጴዛውን አየች፣ የልጇን እግር ድምፅ ከኮሪደሩ ጫፍ ሰማች፣ እስኪጠፋ ድረስ ሰማች። ልጅቱ ገና ሬጅስትራር አልደረሰችም፤ እስክታስመዘግበው ድረስ ማስመሪያው ሊያስመልሳት ይችላል። እትዬ ታይፕ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ጭቃ ላይ እንደሚራመደው እየተጠነቀቀች ወጣች። ከሰልፉ አንዷ፣ እትዬ ሰኞ ይከፈታል ወይ አለቻት። ያ በሩን በእግሩ የመታው ልጅ፣ እሷማ ኮፒ ቤት ነው የምትከፍተው አለ፤ አንዳንዶቹ ሳቁ። ሰምታለች። አንገቷ ሲደነድን አይቻለሁ። አልዞረችም።

የኔ ፍላሽ በእጄ ነበር። በአማት ላይ ነው የጻፍኩት፣ እሷ እንዳስተማረችኝ፣ በየመስመሩ ጫፍ ኢንተር እየመታሁ። ትናንት በተዘጋው በር ውስጥ ምን ብታደርጊው ነው እንዲህ የተስተካከለው ልላት ነበር። እኔስ የት አሠራሁት ልበል ልላት ነበር። ከሰልፉ ወጥቼ ሁለት እርምጃ ስሄድ ማስመሪያው ከውስጥ «ቀጣይ» ብሎ ጠራ፤ ከኋላዬ ያለው ትከሻዬን ገፋ አደረገኝ። መለስ ብዬ ተራዬን ይዤ ቀና ስል፣ እሷ የወረደችበት ደረጃ ባዶ ነበር።